በሁለት ወረቀት የተጻፈ ስም

ታኅሣሥ ላይ ዝናብ ሲመጣ የሚዛን ከተማ ሰው ቀና ብሎ ሰማዩን አያይም፤ ዘወር ብሎ የተሰጣ ቡናውን ነው የሚያየው። በዚያ ዓመት ሰማዩ ወቅቱን ስቶ ነበር። ቡናው ከማድረቂያ አልጋው ሳይወርድ ይሻግታል፤ ሸራ ሲያለብሱና ሲገልጡ የዋሉ ሰዎች ሲመሽ እጃቸውን ማንሳት ያቅታቸዋል። ውድነሽ የምትሠራበት መጋዘን ውስጥም ከጆንያው የሚወጣው ጥቁር ፍሬ ከሌላው ዓመት በዝቶ፣ ለቃሚዎቹ ሴቶች ፊታቸው ያለው ክምር አልጎድል ብሏቸዋል።

ውድነሽ በዚህ ሥራ ሃያ ሁለት ዓመት ቆይታለች። አባቷ ከጎጃም በመምህርነት ተመድበው መጥተው እዚሁ የቀሩ ሰው ነበሩ። ባሏ አንድ ልጅ ትቶላት በወባ ሞተ። ያንን ልጅ፣ ሙሴን፣ ያሳደገችው ወለል ላይ ተቀምጣ ጥቁሩን ከደህናው፣ ነቀዝ የበላውን ካልተበላው እየለየች ነው። ጣቶቿ ከዓይኗ ይቀድማሉ። ተቆጣጣሪው የሌሎቹን ክምር እየበተነ ሲያይ የእሷን አልፎ ይሄዳል።

ሙሴ አድጎ ሾፌር ሆነ። ትሁት የምትባል ከማሻ ከተማ የመጣች ልጅ አገባ፤ ኮፒ ቤት የምትሠራ፣ ድምፅዋ ከጎረቤት የማይሰማ ልጅ። በተጋቡ በስምንተኛው ወር በአይሱዙ ሸቀጥ ጭኖ ወደ ቱም ከተማ ሄደ። ሲመለስ መንገዱ ላይ ተኩስ ተከፈተ። ማን በማን ላይ እንደተኮሰ ዛሬም ድረስ ሁለት ሰው አንድ ዓይነት አድርጎ አያወራውም። መኪናው ተቃጥሎ ተገኘ። ረዳቱ ከመኪናው ራቅ ብሎ ሞቶ ተገኘና ተቀበረ። ሙሴ ግን አልተገኘም። ጫካው ሰፊ ነው፤ መንገዱም ከዚያ በኋላ ለወራት ስለተዘጋ ሄዶ የሚፈልግ ጠፋ።

በሦስተኛው ሳምንት የእድሩ ሽማግሌዎች እንደ ወጉ ጎሕ ሲቀድ መርዶ ሊያረዱ መጡ። ውድነሽ ኮቴያቸውን ገና ከሩቅ ስትሰማ ገብቷት ኖሮ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው። አንዳቸውም አፋቸውን ሳይከፍቱ፣ "አስከሬን ይዛችሁ ከሆነ ግቡ። ባዶ እጃችሁን ከሆነ ልጄን በወሬ አልቀብርም" አለቻቸው። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። መርዶ በግድ አይረዳም። ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው በመጡበት ተመለሱ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ቤት ለቅሶ ተከለከለ። ትሁት አንድ ጠዋት ጥቁር ለብሳ ከጓዳ ብትወጣ ውድነሽ መልሳ አስወለቀቻት። በሕይወት ላለ ሰው ማልቀስ ሟርት ነው፣ ባልሽን በአፍሽ አትግደዪው ብላ ተቆጣቻት። ትሁትም ቀሚሷን ቀየረች። ሰው ሲጠይቅ "ሙሴ መንገድ ላይ ነው" ይባላል። ውድነሽ በየጠዋቱ ወደ ስልኩ ትደውላለች፤ ደንበኛውን ማግኘት እንደማይቻል የምትናገረዋን ሴት እስከ መጨረሻው ታዳምጣታለች። እንዲህ እንዲህ እየተባለ ሁለት ዓመት አለፈ።

ውድነሽ ይህንን ነገር ተስፋ ትለዋለች። የነቢያት ጾም ሲገባ ደግሞ ይበረታባታል። ሙሴ ክርስትና የተነሣው ታኅሣሥ አንድ፣ በነቢዩ ኤልያስ ዕለት ስለሆነ የክርስትና ስሙ ገብረ ኤልያስ ነው። ኤልያስ ደግሞ አልሞተም፤ ተነጠቀ እንጂ። ይህን እየደጋገመች ለራሷ ትናገረዋለች። ሰሚ ሲገኝም ለሰሚው።

በመጋዘኑ ከጎኗ የምትቀመጠው ሹክሪያ ናት፤ የጅማ ልጅ፣ አፏ እንደ ጣቷ የፈጠነ። አሥራ አንድ ዓመት ጎን ለጎን ስለተቀመጡ ውድነሽ ስትጾም ሹክሪያ ምሳዋን ዞር ብላ ነው የምትበላው፤ ረመዳን ሲገባ ደግሞ ውድነሽ እንደዚያው። ገና ሊደርስ ሲል፣ በስብከት እሁድ ማግስት ሰኞ ሹክሪያ ሻርፗን ከአፍንጫዋ ዝቅ አድርጋ፣ "ውድዬ፣ ልንገርሽና ጥዪኝ" አለች።

"ጀመረሽ ደግሞ።"

"ምራትሽ እሁድ እሁድ እዚያ ታች አማን ከተማ ምን አላት?"

ውድነሽ እጇን ሳታቆም ቤተ ክርስቲያን ትስማለቻ አለች።

"ሚዛን ቤተ ክርስቲያን ጠፋ? እኔ ሙስሊሟ እንኳ ቆሜ በጣቴ ላሳይሽ እችላለሁ። የባጃጅ ሾፌሩ የእህቴ ልጅ ነው። በየሳምንቱ በማለዳ ይወስዳታል፤ ቤተ ክርስቲያኑ ሳይደርሱ ታች ትወርዳለች። አጥሩ ላይ አታውርደኝ ትለዋለች አሉ።"

ፊት ለፊት የተቀመጠች አንዲት ሴት ሳቀች። "ልጅቱ ምን ታድርግ? የእኔ ባል ለሁለት ሳምንት ቴፒ ሲሄድ እንኳ ጎረቤት አማረብኝ" አለች። ሌሎቹም ተከትለው ሳቁ። ሹክሪያ አልሳቀችም። ያን ቀን፣ ውድነሽ ሥራ ከጀመረች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ተቆጣጣሪው ክምሯን በትኖ ሦስት ጥቁር ፍሬ አወጣባት።

ሳምንቱን ሙሉ ትሁትን በዓይኗ ስትከተላት ከረመች። ልጅቱ ከኮፒ ቤት ትመጣለች፤ ጎደሬ ትቀቅላለች፤ ሽሮ ትሠራለች፤ የውድነሽን ያበጠ እግር በሞቀ ውኃ ታጥባለች። ምንም የተለወጠ ነገር የለም። ውድነሽ ግን ሌባ እንደያዘ ሰው አደረጋት። ሰው ይዛለች። ልጄ በየጫካው እየተንከራተተ እሷ አማን ሰው ይዛለች። በዓይኔ አይቼ ዕቃዋን ይዛ ትውጣልኝ፣ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን እግዜር ያውቃል አለች በልቧ።

በቀጣዩ፣ በብርሃን እሁድ፣ ትሁት በማለዳ ወጣች። ውድነሽ ጥቂት ቆይታ በሌላ ባጃጅ ተከተለቻት። ሾፌሩ የፊቱን ባጃጅ እንዲከተል ስታዘው ዞር ብሎ አያትና ተከተለ። አማን መግቢያ ላይ ትሁት ወረደች፤ ወደ አንድ ያልተከፈተ ሱቅ ጀርባ ዞር አለች። ውድነሽ ከአንድ ባሕር ዛፍ ሥር ቆማ ጠበቀች። ይኸው፣ ልትኳኳል ነው አለች።

ትሁት ነጠላዋን አወለቀች። አራገፈችው። ከዚያ ጥለቱን ወደ ትከሻዋ አዙራ፣ ሐዘንተኛ እንደምታደርገው አዘቅዝቃ ለበሰችው። ከቦርሳዋ ጥቁር ሻሽ አውጥታ አሰረች። ይህን ሁሉ ስታደርግ መስተዋት አላየችም። እጇ የለመደው ሥራ ነበር።

ውድነሽ መጀመሪያ የገባት ነገር አልነበረም። ማን ሞተባት አለች። እናቷ ሞታ ደብቃኝ ይሆን? ከኋላ ከኋላ እየተከተለች ቤተ ክርስቲያን ደረሰች። በአጥሩ በር ላይ ሁለት ሴቶች ትሁትን አቅፈው ሳሟት። በሚዛን ማንም ለትሁት እንደዚያ አንገቱን ሰበር አድርጎ ሰላም ብሏት አያውቅም። ውድነሽ ከሴቶቹ መቆሚያ ከኋላ፣ ከአንዲት አሮጊት አጠገብ ቆመች። አሮጊቷን ያቺ ልጅ ማን ናት ብላ ጠየቀቻት።

"ምስኪን" አሉ አሮጊቷ። "ባሏን በዚያ በጫካው መንገድ የገደሉባት ናት። ለጋ ሙሽራ ነበረች ይላሉ። እሁድ አትቀርም፤ እያለቀሰች ታስቀድስና ፊቷን ታጥባ ትሄዳለች።"

ቅዳሴው ውድነሽን አልፏት ሄደ። የዕለቱ ምስባክም ሆነ ስለ ብርሃን የተሰበከው በጆሮዋ አልገባም። የምታየው የትሁትን ጀርባ ብቻ ነበር፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። አዎ፣ ታለቅሳለች። ሁለት ዓመት ሙሉ በእሷ ቤት አንድ ጠብታ ያልወጣው ዓይን እዚህ ይፈሳል። ውድነሽ ግን ያን ሰዓት አላዘነችላትም። ልጄን እዚህ አምጥታ ገደለችብኝ ነው ያለችው።

ትሁት ከቅዳሴ በኋላ ወዲያው ወጣች። ውድነሽ ቀረች። ከደጀ ሰላሙ ጥግ አንድ ሽማግሌ ቄስ ተቀምጠው የሰው ስም ይጽፋሉ። ቄስ ወርቅአፈራሁ ይባላሉ። ከገጠር የነበረው ቤተ ክርስቲያናቸው ተዘግቶ ምእመኑ ሲበታተን ወደ አማን መጥተው የተጠጉ ናቸው፤ መነጽራቸው በክር ታስሮ ነው የቆመው። በጉልበታቸው ላይ ሁለት ወረቀት አለ። አንዱ በጸሎት እንዲታሰቡ የሚጻፉ የሕያዋን ስም ነው፤ ሌላው የሙታን። ሰው እየመጣ የክርስትና ስም ይነግራቸዋል፤ እሳቸው ከየትኛው እንደሆነ ጠይቀው ይጽፋሉ።

ውድነሽ ተራዋ ሲደርስ "ገብረ ኤልያስ" አለች። ሳይጠይቋት ጨመረችበት። "ከሕያዋን።"

ቄሱ ያነሡትን እስክሪብቶ ገታ አደረጉ። ሌላኛውን ወረቀት ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። ገብረ ኤልያስ ብዙ የሚገጥማቸው ስም አይደለም። "ይህ ስም ሙታኑ ዘንድ አለ፣ ልጄ። ሌላ ሰው ይሆን?"

"እሱ ራሱ ነው። የእኔ ልጅ ነው። አልሞተም፤ ይፋቁልኝ።"

ቄሱ ከኋላዋ የቆሙትን ሰዎች ትንሽ እንዲታገሱ በእጃቸው ምልክት ሰጡና እንድትቀመጥ ነገሯት። ማን እንደሆነች፣ ትሁት ምኗ እንደሆነች ጠየቁ። እሷም በቁጣ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ መርዶውን ከበር እንደመለሰች፣ ልጅቱ ከእሷ ተሰውራ እንደምትመጣ። ጨርሳ ስታበቃ ቄሱ የሕያዋኑን ወረቀት አነሡና ገብረ ኤልያስ ብለው ጻፉ።

"ያኛውን አልፍቅም፤ ሚስቱ ናት ያስጻፈችው። አንቺንም አልከለክልሽም፤ እናቱ ነሽ" አሉ። "ለዛሬ በሁለቱም ይቆይ። የሚመጣው እሁድ ኖላዊ ነው። እስከዚያ ተነጋግራችሁ ኑ። የአንድ ሰው ስም በሁለት ወረቀት ይዤ ገና ድረስ አልሄድም፤ እኔንም ደክሞኛል።"

ቤት ስትደርስ ትሁት ምሳ አቅርባ ነበር። ነጠላዋ ተስተካክሎ ተለብሷል፤ ጥቁሩ ሻሽ የለም። ውድነሽ ሳትቀመጥ የት እንደነበረች፣ ምን እንዳየች ተናገረች። ልጄን በሕይወት እያለ ፍታት አስፈታሽበት፣ ምን አድርጎሽ ነው፣ ሰው አምሮሽ ከሆነ በግልጽ አትነግሪኝም ነበር አለች። ሌላም ብዙ አለች። ከጨረሰች በኋላ ራሷም ልትሰማው የማትፈልገውን።

ትሁት የያዘችውን ሳህን አስቀመጠች። ድምፅዋ እንደወትሮው ዝቅ ያለ ነበር።

"እኔን ያማረኝ ሰው አይደለም እማማ። ለቅሶ ነው ያማረኝ። እዚህ ስሆን ሚስት ነኝ፤ ባሌ መንገድ ላይ ነው፤ እንደ ሰው እስቃለሁ። አማን ስሄድ ብቻ ነው ባል የሞተባት ሴት የምሆነው። ለሁለት ሰዓት ነው። ተመልሼ እመጣለሁ።"

"ማን ነግሮሽ ነው የሞተው?"

"ማንም አልነገረኝም። ሙሴ በሕይወት ቢኖር እርስዎን ሁለት ዓመት እንዲህ አያደርግዎትም። ይህን ያህል አውቀዋለሁ።"

ምሳው ሳይነካ ተነሣ።

ከዚያ ወዲያ ያሉት ቀኖች ከባድ ነበሩ። ሁለቱ ሴቶች በአንድ ጣሪያ ሥር ሆነው አንዷ ስትገባ ሌላዋ ትወጣለች። ዝናቡ አላቋረጠም። ውድነሽ መጋዘን ብትሄድም ጣቶቿ አልታዘዟትም። ሹክሪያ ነገሩን ስትሰማ ቆይታ፣ እኔ ወሬኛ ነኝ፣ ይህን ሳላውቅ በልጅቱ ላይ አወራሁ ብላ አፏን በመዳፏ መታች። ከዚያ በቀስታ፣ "እኛ ዘንድ ሬሳ ባይገኝም ይሰገድበታል፣ ውድዬ" አለች። "ሰውየው የትም ይሁን፣ ሶላቱ ይደርሰዋል ነው የሚባለው።" ውድነሽ አልተቆጣችም። መቆጣትም ጉልበት ይጠይቃል።

ዓርብ ከሥራ ቀርታ ብቻዋን ወደ አማን ሄደች። ቄስ ወርቅአፈራሁ የተሰበረ ጥላቸውን ይዘው ሽቦውን ሊያቃኑ ይታገላሉ። ጾም ስለሆነ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል በአፋቸው አይዞርም፤ ከንፈራቸው ደርቋል። አጠገባቸው ባለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ያንን ለማንም ያልነገረችውን ተናገረች።

"አውቃለሁ አባቴ። እንደሞተ አውቃለሁ።"

በመጀመሪያው ክረምት አንድ የቴፒ ሾፌር ቤቷ ድረስ መጥቶ ነበር። ያን ቀን ከሙሴ ኋላ ሌላ መኪና ይነዳ የነበረ ሰው ነው። ሙሴ ከመኪናው ወርዶ ወደ ጫካው ሲሮጥ ተመትቶ ሲወድቅ በዓይኑ አይቷል፤ እሱ ግን መኪናውን አዙሮ ሸሸ። ሳልነግርዎት እንቅልፍ አልወስድ አለኝ ብሎ እግሯ ላይ ወደቀ። ውድነሽ አነሣችው፤ ምሳ አበላችው፤ እስከ መናኸሪያ ሸኘችው። ትሁት ከኮፒ ቤት ስትመጣ ግን ምንም እንዳልሆነ ሆና ጠበቀቻት።

"ለምን ደበቅሽ?" አሉ ቄሱ።

"ሞቷል ካልኩ ትሄድብኛለች። ማሻ አባት አላት፣ ወንድሞች አሏት። የሞተ ሰው ሚስት ምን ይዟት ትቀመጣለች? ያለ እሷ ማን አለኝ? ተስፋ ነው እያልኩ ነበር አባቴ። ፍርሃት ነው።"

ቄሱ ጥላውን አስቀመጡት። አልገሠጿትም። ከቀሚሳቸው ኪስ ሌላ የታጠፈ ወረቀት አወጡ፤ ጠርዙ አልቋል። የተጻፉበት የራሳቸው ምእመናን ናቸው፤ አሥራ ስድስት ሰው፤ ያን ጊዜ በተበተኑበት የት እንደገቡ የማይታወቁ። ወሬ ሲመጣ አንዱን ወደ ሕያዋኑ፣ አንዱን ወደ ሙታኑ እንደሚያዛውሩ ነገሯት። ባለፈው መስከረም ሁለት ሰው ወደ ሙታኑ አዛውረዋል፤ አንዷን ያጠመቋት ራሳቸው ናቸው።

"ስም ከዚህ ወደዚያ ባዛወርኩ ቁጥር አውጥቼ የጣልኩት ይመስለኝ ነበር" አሉ። "ጧት ጧት መነሣት ጠላሁ። በኋላ ግን አንድ ነገር ልብ አልኩ። ሁለቱንም ወረቀት የምይዘው በአንድ እጅ ነው። ይዤ የምገባውም ወደ አንድ መቅደስ ነው። እኛ ነን የለየናቸው እንጂ እሱ ዘንድ አልተለያዩም።"

ውድነሽ ኤልያስን አነሣች። ኤልያስ አልሞተም እኮ አለች፣ እንደ ሕፃን።

"እሱ አልሞተም። ኢሳይያስ ግን በመጋዝ ተሰንጥቆ ሞተ ይላሉ አበው። ኤርምያስን በድንጋይ ወገሩት። ይመጣል ያሉትን ሳያዩ ነው የሄዱት፣ ልጄ። ይህ የያዝነው ጾም የእነሱ ነው። አልሞትም ብለው አልጾሙትም፤ ቢሞቱም የሚመጣው እንደማይቀር አምነው ነው የጾሙት። ቆይቶም ቢሆን መጣ። ሙታኑ ያሉበት ድረስ ወርዶ ስማቸውን እየጠራ አወጣቸው። እኔ ከዚህ ሌላ ተስፋ አላውቅም፤ አሁን አሁን ለዚህም ጉልበት ያንሰኛል።"

ጥላቸውን አንሥተው እንደገና ሽቦውን ያቃኑ ጀመር። ውድነሽ መስቀል ተሳልማ ወጣች። ባጃጅ አልያዘችም፤ ጭቃውን እየረገጠች በእግሯ ወደ ሚዛን ወጣች። ለትሁት የምትነግረው ነገር ከሞቱ ይልቅ መደበቁ እንደሚከብድ መንገዱን ሙሉ ታውቀው ነበር።

የነገረቻት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። አላሳመረችውም። ሾፌሩ የመጣበትን ቀን፣ ያለውን፣ እሷ ለምን ዝም እንዳለች፣ ሁሉንም በተርታ ተናገረች። ትሁት ስትሰማ ቆይታ ተነሥታ ወጣች። ጓሮ ካለው እንሰት ሥር በካፊያው ውስጥ ቆመች። ውድነሽ ልትከተላት አልደፈረችም። ዕቃዋን ልትይዝ ተመልሳ ትመጣለች፣ ትክክል ናት ብላ ጠበቀች።

ትሁት ስትመለስ ፀጉሯ ረጥቦ ነበር። በሩ ላይ እንደቆመች ጠየቀች።

"ተሠቃይቷል?"

"ወዲያው ነው ብሎኛል። አንድ ጊዜ ነው የወደቀው።"

"አንድ ዓመት ከመንፈቅ ያውቁ ነበር።"

"አውቅ ነበር።"

"እኔ ደግሞ በየእሁዱ ኃጢአት ሠራሁ እያልኩ ነው የምመለሰው። ምናልባት በሕይወት ላለ ሰው እያለቀስኩ ነው እያልኩ። ንስሐ ገብቼበታለሁ እማማ።"

ውድነሽ አንገቷን ደፋች። ይቅርታ የሚለው ቃል አፏ ላይ መጥቶ አንሶባት መልሳ ዋጠችው። ከዚያ፣ "አልቅሺ" አለች። "እዚሁ፣ በቤትሽ አልቅሺ ልጄ። ማንም አይከለክልሽም።"

ትሁት መሬት ላይ ተቀመጠች። መጀመሪያ ድምፅ አልወጣትም። ሲወጣ ግን ያ ከጎረቤት የማይሰማው ድምፅ አጥሩን አልፎ ሄደ። ጎረቤቶች ምን ሆኑ እያሉ ገቡ። ውድነሽ ደረቷን እየመታች የልጇን ስም ስትጠራ ሲሰሙ መጠየቅ አላስፈለጋቸውም፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው አጠገቧ ተቀመጡ። ከሁለት ዓመት በፊት ከበር የተመለሱት ሽማግሌዎችም መጡ። የቂም ቃል አልተናገሩም፤ ድንኳኑን ራሳቸው ተከሉት።

ከእድሩ አንዳንዶች ገና ደጃፍ ላይ ነው፣ በዓሉን በእንባ ከምትቀበሉት ለቅሶው ቢያልፍ ይሻላል ብለው ነበር። ውድነሽ አልሰማቻቸውም። ሁለት ዓመት አሳልፌዋለሁ፣ ይበቃል አለች። ሹክሪያ ትልቅ ድስት ተሸክማ መጣች፤ ምስር ወጥ ነበር። ማንም ሳይጠይቃት በዘይት የተሠራ መሆኑን፣ ቅቤ የነካው ማንኪያ እንኳ እንዳላስገባችበት ለእያንዳንዱ ሰው ስትናገር አመሸች። ሰው በለቅሶ ቤቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ያለው በዚያ ነው።

በማግስቱ፣ በኖላዊ እሁድ፣ ሁለቱ ሴቶች አብረው ወደ አማን ሄዱ። ከቅዳሴ በኋላ ቄስ ወርቅአፈራሁ ፊት ቆሙ። ቄሱ ሁለቱን ተራ በተራ አዩና እስክሪብቶውን አነሡ። የተናገረችው ውድነሽ ናት። ገብረ ኤልያስን ከዚህኛው ይሰርዙት፣ ከዚያኛው ይቆይ አለች። ቄሱ በቀጭኑ ሰረዙት፤ ስሙ ከመስመሩ ሥር አሁንም ይነበባል። ከዚያ ሁለቱን ወረቀቶች ደርበው አጣጠፏቸው።

ወደ ሚዛን ሲመለሱ ትሁት ከጥምቀት በኋላ ወደ ማሻ ልትሄድ እንዳሰበች ተናገረች። አባቷ ታሟል፤ ወንድሞቿም ይጠሯታል። ስንት ቀን እንደምትቆይ አላለችም። ይቅር ብዬዎታለሁም አላለችም። ውድነሽ ማርና ኮረሪማ ለአባትሽ ይዘሽለት ትሄጃለሽ ብቻ አለች። ሁለት ዓመት የሸሸችው ነገር ይኸው ደረሰ። ደርሶም ውድነሽ አልወደቀችም፤ በእግሯ ትሄዳለች።

የገና ዕለት ሌሊቱን ቆመው አስቀድሰው በማለዳ ተመለሱ። ድንኳኑ ከሁለት ቀን በፊት ተነሥቷል። ዝናቡ አልቆመም። የሰው ቡና አሁንም ሸራ ሥር ነው፤ የቱም መንገድ ሰሞኑን እንደገና ተዘግቷል የሚል ወሬም ከቤተ ክርስቲያኑ በር ጀምሮ ይወራ ነበር። ትሁት ለጾም መፍቻ ጎረቤት የላከውን ዶሮ አቀረበች። ውድነሽ ሁለት ጉርሻ በልታ ደከመኝ አለች። መደቡ ላይ ጋደም ስትል ልጇ ከሙታን ከሚነሣበት ቀን ሌላ የምትጠብቀው ቀን እንደሌላት ተሰማት። ያ ቀን ሩቅ ነው። ግን እሷ ተኝታም ቢሆን ይመጣል።

እንቅልፍ ወሰዳት። እንኳን አደረሳችሁ ሊሉ የመጡ ሴቶች ከበሩ ሲገቡ ትሁት ወጥታ ተቀበለቻቸው፤ ተኝተዋልና ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ አለቻቸው። ሴቶቹ ጫማቸውን አውልቀው በቀስታ ገቡ፤ ዝቅ ባለ ድምፅ እያወሩ ተቀመጡ። ውድነሽ እስከ ስምንት ሰዓት አልነቃችም።